ውሃው በየት ይውጣ

በቅሎዋ ቁልቁለቱ ላይ እግሯ ሲከዳት አሥር አለቃው ከኮርቻው ዘሎ ወረደና ልጓሟን እየጎተተ መሮጥ ጀመረ። ከፊቱ ሴትዮዋ ቀሚሷን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ፣ ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተሻገረች ትወርዳለች። ከተራራው ጀርባ የጠቆረው ደመና ሁለቱንም የሚያባርራቸው ይመስላል።

«በእግርዎ ቢመጡ ይሻላል ብዬዎት ነበር» አለች ሳትዞር።

«በቅሎዋን የሰጠኝ መንግሥት ነው። መንግሥት የሰጠውን ጥሎ መሄድ ያስቀጣል።»

«እንግዲያው ተሸክመዋት ይምጡ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ልጓሙን ጠበቅ አድርጎ ሳበ። ደረቱ ላይ በቆዳ ማኅደር የተንጠለጠለው የውሃ ልክ በሮጠ ቁጥር የጎን አጥንቱን ይነርተዋል። መንደርተኛው እሱንም በዚሁ ዕቃ ስም «ውሃልክ» ብሎ ነው የሚጠራው።

«ሻለቃው በስንት ሰዓት ነው የሚደርሱት?» አለች።

«ስምንት ሰዓት ብለው ነው የጻፉት። እሳቸው ስምንት ካሉ ሰባት ተኩል ነው።»

«ዝናቡስ?»

«እሱ አልጻፈልኝም።»

ሴትዮዋን መንደሩ «እሜት ድንጋይ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ተዳፋት ማሳዋ ላይ የመጀመሪያውን ካብ ስትጀምር ነው። ሰው ድንጋይ ከማሳው ለቅሞ ያወጣል፣ እሷ ለቅማ ታስገባለች አሉ። ካብ መሬት ይበላል፣ አይጥ ያራባል፣ በሬ አያዞርም አሉ። ውሸት አልነበረም። ካቡ መሬት በልቷል፣ አይጥም አራብቷል፣ በሬዎቹም ጫፍ ሲደርሱ ለመዞር ይንገላታሉ። ነገር ግን ከሦስተኛው ካብ በላይ አፈሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ሲከማች ገብስ ዘራችበት፤ ገብሱ ወገቧ ደረሰ። በዚያ ዓመት አራት ጎረቤቶቿ፣ ትናንት ሲስቁባት የነበሩት፣ ምንም ሳይናገሩ ዶማቸውን ይዘው መጡ። ዛሬ ተዳፋቱ ላይ የአምስቱን ሰዎች ማሳ የሚያቋርጡ አሥራ አንድ ካቦች አሉ።

አዋጁ የመጣው በበጋው መጨረሻ ነው፤ ሰማያዊ ማኅተም ያለበት። ክረምቱ ሲገባ አፈሩ ያልተገደበ ተዳፋት ማሳ ሁሉ ታጥሮ ለደን ይከለላል፤ የአውራጃው የእርሻ ሹም ሻለቃው ራሳቸው እየዞሩ ያያሉ፤ ያዩትንም ይወስናሉ።

ካቡስ አለ። የጎደለው የውሃው መውጫ ነው። ከካቦቹ ሁሉ በላይ፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀበል ቦይ ቆፍረዋል። ቦዩ ጎርፉን አግድም ወስዶ ከዳር ካለው አሮጌ ገደል መጣል አለበት። በቦዩ ጫፍና በገደሉ መካከል ግን የሌላ ሰው መሬት ገብቷል፤ ከታችኛው ሜዳ ገደሉን ተከትሎ እንደ ምላስ ወደ ላይ የተዘረጋ ጥግ። ወርዱ ስምንት እርምጃ ነው። ያ ስምንት እርምጃ ካልተከፈተ ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ፣ አፉን ጥሶ፣ አሥራ አንዱንም ካብ አንድ በአንድ እያፈረሰ ይወርዳል።

የጥጉ ባለቤት «ባለደለሉ» ነው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዋ። አባታቸው ሲሞት ታላቁ ሜዳውን፣ ታናሹ ተዳፋቱን ወረሱ። በየክረምቱ የታናሹ አፈር እየታጠበ በታላቁ ማሳ ላይ ይነጠፋል። «የወንድሜ መሬት ስለሚወደኝ በእግሩ ይመጣል» ይል ነበር ባለደለሉ በደህናው ጊዜ፤ ታናሹም አብሮት ይስቅ ነበር።

መሳቁ የቀረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ይህን አሥር አለቃው ከሰው ሰምቶ አይደለም የሚያውቀው።

ያኔ ማዕረግ የሌለው ወታደር ነበር፤ ገመድ ያዥ። መንግሥት የእርከን ዘመቻ ብሎ ባላገሩን አስወጥቶ፣ እዚሁ ተዳፋት ላይ አንድ ረጅም ካብ ሲያስክብ መስመሩን እንዲያሲዙ የተላኩት መሐንዲስ ሻምበል ነበሩ። ዛሬ በስምንት ሰዓት የሚመጡት ሻለቃ እሳቸው ናቸው። የሠራተኞቹ አለቃ የባለደለሉ ታናሽ ወንድም ነበር፤ የዚህች ሴትዮ ባል። በስድስተኛው ቀን ገመዱ መሐል ላይ ረገበ። ገመድ ያዡ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የውሃ ልኩ አረፋ ከቦታው ሸሽቷል። መስመሩ ወደ መሐል ዘቅዝቋል፤ ውሃው ሁሉ እዚያ ሊጠራቀም ነው። ቀና ሲል ሻምበሉ የኪስ ሰዓታቸውን እያዩ «ልክ ነው?» አሉት።

«ልክ ነው ጌታዬ» አላቸው።

በሦስተኛው ዝናብ ካቡ መሐሉ ላይ ተነደለ። ያ ሁሉ ውሃ አንድ ላይ ወርዶ የባለደለሉን ቡቃያ ጠርጎ፣ በረቱን ከነታሰሩት ሁለት በሬዎች ይዞ ሄደ። መርማሪ ሲመጣ ሻምበሉ «የሠራተኞቹ አለቃ ድንጋዩን ከተሰጠው መስመር ውጪ በማስካቡ» ብለው ጻፉ። ገመድ ያዡ በምስክርነት ፈረመ። በሁለት ወሩ አሥር አለቃ ተባለ።

ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። አምስት ዓመት እንዲሁ ተኳርፈው ሲኖሩ፣ ታናሹ በሳንባ ምች ሞተ።

ባለፈው መኸር አሥር አለቃው ወደዚህ ወረዳ ልመደብ ብሎ ማመልከቻ ሲያስገባ ጓደኞቹ «እዚያ ምን ጥለህ ነው?» አሉት። ያኔ ከመጡት ወታደሮች አንዱ መሆኑን ከመንደሩ ያስታወሰ የለም፤ ለሴትዮዋም አልነገራትም። ሰባት ወር ገመድ አብሯት ሲጎትት፣ ዳቦዋን ሲበላ፣ ወተቷን ሲጠጣ አልነገራትም። ሲመሽ ነገ ይላል፤ ሲነጋ ደግሞ ሥራ አለ።

ባለደለሉን በረንዳው ላይ ማረሻ ሲሞርድ አገኙት። ቤቱ በመንደሩ ብቸኛው ባለቆርቆሮ ክዳን ነው። ሰውየው ትከሻው ሰፊ፣ ጺሙ ግማሽ ሽበት፣ ጣቶቹ እንደ ሥር የተቆላለፉ ናቸው። ቀና ብሎ አያቸውና መሞረዱን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንዎት ነው የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ።

«ባለፈው ሳምንትም ለመጨረሻ ጊዜ ብለሽ ነበር።»

«ያኔ ደመና አልነበረማ።»

«ደመናውን እኔ አልጠራሁትም።» ሞረዱን አስቀመጠ። «ስሚ፣ አሥራ አንድ ካብ ስትክቢ ምን አልኩሽ? ምንም። በገዛ መሬትሽ ላይ ከፈለግሽ ግንብ ሥሪ። የኔን አትንኪ ነው ያልኩሽ።»

«ጋሼ» አለ አሥር አለቃው፣ «የምንወስደው ስምንት እርምጃ በሁለት ነው። ከዚያ አንድ ጋት አንጨምርም።»

«መንግሥት ሲጀምር መቼ በጋሻ መሬት ጀምሮ ያውቃል? በእርምጃ ነው የሚጀምረው!» ባለደለሉ ተነሣ። «አሁን ሁለት እርምጃ ትቀድልኛለህ። በሦስተኛው ክረምት በሬ የሚውጥ ገደል ይሆንና ሜዳዬን ለሁለት ይከፍለዋል። አትሥራ ያልኩት በመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ አይቼ ነው! በሬዎቼን ያገኘሁዋቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ገመዱ ከነካስማው አንገታቸው ላይ ነበር።»

አሥር አለቃው ወደ ወንዙ አየ። በሬዎቹን እሱም አይቷቸዋል።

ከውስጥ የባለደለሉ ሚስት ብቅ አለች። በእጇ ወንፊት ይዛለች። «የደለሉንስ ለምን አትነግራቸውም?» አለች።

«አንቺ ደግሞ!»

«እውነት አይደል? ካቡ ከተካበ ወዲህ ደለል ቀረብን። አምና የታችኛው ማሳ የሰጠንን ታውቀዋለህ። ሌሊት የሚያገላብጥህ እሱም ነው። ሰው ያለውን ችግር ሁሉንም ቢናገር ምን ይለዋል?»

ባለደለሉ ፊቱ ቀላ። ሴትዮዋ ዶማዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አቆመችና ተደገፈችበት።

«ጋሼ፣ ያ ደለል የባሌ መሬት ነው» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ።

ከሩቅ ነጎድጓዱ እንደ በርሜል ተንከባለለ።

«ባልሽ...» ብሎ ጀመረ ባለደለሉ፣ ሞረዱን መልሶ እያነሣ። «ባልሽ መስመር ማስያዝ አያውቅም ነበር። እያወቀ ያደረገው አይመስለኝም። ግን አያውቅም ነበር። አንቺም ከሱ ነው የተማርሽው፤ እንዴት ብዬ ልመንሽ? ሟች አይወቀስም፤ ከዚህ በላይ አልልም።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ዘጠኝ ዓመት የሰማችው ነገር ነው። አሥር አለቃው ማኅደሩን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ አፉንም ከፈተ። በዚህ መሐል የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

ሻለቃው ሁለት አጃቢ አስከትለው ገቡ። ወፍራም፣ ነጭ ባርኔጣ ያጠለቁ፣ ሲወርዱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። መኪናቸው ድልድዩ ጋ ቀርታለች። በረንዳው ላይ ሲወጡ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱት፤ ጥቂት፣ ከባድ፣ እንደ ጠጠር።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አለ አሥር አለቃው ተረከዙን አጋጥሞ።

«ደህና ነህ? አይቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ።» አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የሩቅ ማያ መነጽር መታ መታ አደረጉት። «ከመንገዱ ላይ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አንድ። ጥሩ ካብ ነው።» የባለደለሉ ሚስት ያቀረበችላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ከደረት ኪሳቸው ደብተር አውጥተው ጻፉ። «አለቀ። ማሳው አይታጠርም። ሴትዮዋ ይቺ ናት?»

«እሷ ናት ጌታዬ። ግን ጌታዬ፣ የላይኛው ቦይ መውጫ የለውም። ስምንት እርምጃ...»

«ሰምቻለሁ፤ ጽፈህልኝ ነበር።» ባለደለሉን አዩት። «አንተ ነህ እምቢ ያልከው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«በግድ ልወስድብህ አልመጣሁም። ባላገርን ማስከፋት መንግሥትም አይወድም።» ወደ አሥር አለቃው ዞሩ። «ቦዩን ድፈኑት። ካቡ ብቻውን ይበቃል። በሥርዓት የተካበ ካብ ውሃ አያፈርሰውም። ያኔም የፈረሰው በመስመሩ አይደለም፤ የሠራተኞቹ አለቃ በስንፍና ስላስካበው ነው።»

ያ የሠራተኞች አለቃ ባሏ መሆኑን ያስታውሱ አያስታውሱ አልታወቀም። ሴትዮዋ ዶማዋን ይዛ እንደቆመች ናት። ዝናቡ ተፋጠነ፤ ከጓሮው ያለው ተዳፋት በነጭ መጋረጃ ተሸፈነ። ቦዩ አሁን መሙላት ጀምሯል ብሎ አሰበ አሥር አለቃው። ግማሽ ሰዓት ቢበዛ።

«ጌታዬ» አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ያኔም ውሃው መውጫ አልነበረውም። መስመሩም ልክ አልነበረም።»

«ምን?»

«ገመዱ ረግቦ ነበር። አረፋው ከመሐል ወጥቶ አይቼዋለሁ። ልክ ነው ወይ ሲሉኝ ልክ ነው አልኩዎት። ልክ አልነበረም።»

ሻለቃው እርሳሱን ደብተሩ መሐል አስገብተው ቀስ ብለው ዘጉት። «አሥር አለቃ፣ የምትናገረውን ታውቃለህ? በፊርማህ የመሰከርከው ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ፊርማዬ ውሸት ነው።»

«ደግመህ በለው» አለ ባለደለሉ።

አሥር አለቃው ዞረለት። «መስመሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ጋሼ። ወንድምዎ ድንጋዩን የካበው በያዝኩት ገመድ ልክ ነው። በአንድ ጣት እንኳ አልሳተም።»

«ወንድሜ... ያውቅ ነበር?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር። ማንም አይይዘውም። «ነግሮኝ ነበር» አለ። «ገመዱ ረግቧል፣ እንደገና እንያዘው ብሎኝ ነበር። ሥራህን ሥራ አልኩት።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢያይ ይቀለው ነበር፤ ያየው ግን አንድ ዕቃ ከቤቷ መጥፋቱን አሁን ያወቀች ሰው ዓይን ነው።

«ሰባት ወር» አለች።

ባለደለሉ ግን እዚያ አልነበረም። ዶማውን ከእጇ መንጭቆ ከበረንዳው ወርዶ በዝናቡ ውስጥ ሽቅብ ይሮጣል። ሚስቱ «ካቡን ሊያፈርሰው ነው! ያዙት!» ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ ተከተለችው። አሥር አለቃውም ተከተለ። ከኋላው ሻለቃው ስሙን ሲጠሩት ሰማ፤ አልዞረም።

ተዳፋቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሁለቴ ወደቀ፤ ማኅደሩ ጭቃ ጠጣ። ሲደርስ ባለደለሉ የቦዩ ጫፍ ላይ ቆሟል። ቦዩ ሞልቶ ከንፈሩ ላይ ደርሷል፤ ቡናማ ውሃ፣ ገለባና ቅርንጫፍ ተሸክሞ፣ መሄጃ አጥቶ ይሽከረከራል። ከታች ሁለተኛው ካብ ሥር ውሃ እንደ ምንጭ መፍለቅ ጀምሯል። አራቱ ጎረቤቶች ከየአቅጣጫው አካፋ ይዘው ይመጣሉ።

«መስመርህ የት ነው?» አለ ባለደለሉ።

«እዚያ፤ የተከልኳቸውን ችካሎች ተከትሎ።»

«አላምንህም።»

«አይመኑኝ። ውሃውን ይጠይቁት።»

ባለደለሉ ዞር ብሎ በተረከዙ የገዛ መሬቱን ጫረ፤ ከቦዩ ጫፍ ጀምሮ ችካሎቹን እየተከተለ፣ ጣት የምታህል ጭረት። ጎንበስ ብሎ የቦዩን ጫፍ በጣቱ ከፈት አደረገው። ቀጭን ውሃ ጭረቷን ተከትሎ ሄደ። አልተወረወረም፤ አልቆመም። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያመነታ ሰው፣ ስምንቱን እርምጃ አቋርጦ ገደሉ ውስጥ ጠብ አለ። ሰውየው ዝናቡ አንገቱ ውስጥ እየገባ ተንበርክኮ ያይ ነበር። ስንት ክረምት ውሃ ሲሮጥ ያየ ገበሬ ነው፤ ረጋ ብሎ የሚሄድ ውሃ ገደል እንደማይቆፍር ሊያስረዱት አያስፈልግም።

«ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አለ ለራሱ።

ተነሥቶ ዶማውን አነሣ። የመጀመሪያው ምት የወረደው በራሱ መሬት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ለይቶ ማስታወስ አይቻልም። ሴትዮዋ አካፋ ከአንዱ ነጥቃ ገባች። አሥር አለቃው ወርዱን በእርምጃው እየለካ «እዚህ ጋ ጥልቀት ቀንሱ! አይውረድ!» እያለ ይጮሃል። ሁለተኛው ካብ ጉም ብሎ ሲናድ ሰሙት፤ ማንም ቀና አላለም።

«ገደሉ አፍ ላይ ድንጋይ!» አለች ሴትዮዋ። «ውሃው ሲወርድ ዳሩን እንዳይበላው! ከተናደው አምጡ!»

«ደለሉስ?» አለ ባለደለሉ ዶማውን ሳያቆም፣ እየተነፈሰ።

«ምን?»

«ደለሉ! ካቡ ደለሉን ያዘው፣ ቦዩ ጎርፉን ወሰደው፣ ለኔ ምን ቀረኝ?»

«ቦዩ ውስጥ የሚቀረውን በየዓመቱ ዝቀው ይውሰዱ!»

«ሁሉንም?»

«ግማሹን!»

«እሺ፣ ከሦስቱ ሁለት እጁን!»

«ጋሼ፣ ይቆፍሩ!»

አንዱ ጎረቤት ሳቀ፤ በዚያ ሁሉ ዝናብ ውስጥ። የመጨረሻዋ ክንድ አፈር ስትነሣ ቦዩ ተነፈሰ። ውሃው በተከፈተለት አግድም ሄዶ፣ የተነጠፈውን ድንጋይ ተራምዶ ገደሉ ውስጥ ወረደ። ከንፈሩ ላይ የነበረው አንድ ስንዝር ዝቅ አለ፤ ከዚያ አንድ ክንድ። ሁሉም አካፋቸውን ተደግፈው ያዩት ነበር። አሥሩ ካቦች ቆመዋል።

ዝናቡ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለፈ። ባለደለሉ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ዶማውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሴትዮዋ ራቅ ብላ ቆመች።

«እቤቴ መጥቶ ነበር» አለ ድንገት። «በሞተበት ዓመት። በሩን አንኳኳ። እኔ ነኝ አለኝ። ውስጥ ሆኜ ዝም አልኩት።» ጭቃ ያለበትን እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። «ምን ሊለኝ ነበር?»

«እኔም አልነገረኝም» አለች። «ከዚያ ሲመለስ አልበላም።»

ሻለቃው በአንድ አጃቢ ተደግፈው ሲወጡ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ቦዩን አዩ፣ የተናደውን ካብ አዩ፤ ለአሥር አለቃው እጃቸውን ዘረጉ። ማኅደሩን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣቸው።

«በቅሎዋንም ትተዋለህ» አሉ። «ስለ ማዕረግህ የሚጻፈውን ወደ ፊት ታያለህ።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ጌታዬ» አለ ባለደለሉ ተነሥቶ፣ «የዚህን ማሳ ነገር... አሁን አሥር ካብ ነው ያለው። ታጥሮ ሊወሰድባት ነው?»

ሻለቃው ደብተሩ ያለበትን ኪሳቸውን ነኩ። «አሥራ አንድ ብዬ ጽፌያለሁ» አሉ። «የጻፍኩትን አልሰርዝም።»

«ይህን እናውቃለን» አለች ሴትዮዋ።

ሻለቃው ሰሙ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ግን ምን እንደሆነ ለማየት ጊዜ አልሰጡም። እየተደገፉ ወረዱ።

አሥር አለቃው፣ ከእንግዲህ ማዕረጉ ምንም ይባል ምን፣ ያችን ማታ በአንዱ ጎረቤት ጎተራ አደረ። ሲነጋ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ መንገድ ጀመረ። ሴትዮዋን ሊሰናበት ከካቦቹ አጠገብ ሲያልፍ የተናደውን ድንጋይ ትለቅም ነበር። ቆመ። እሷም ቆመች።

«ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም» አለ።

«ገና አይበሉኝ» አለች። «ገና ነው።»

ራሱን ነቅንቆ ሊሄድ ሲል ከታች ባለደለሉ እየተጣራ መጣ። ንጹሕ ልብስ ለብሷል፣ ዱላ ይዟል፤ ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

«የት ነው?» አለው።

«ወደ ከተማ።»

«አትሄድም። ወንድሜን ይህ መንደር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያነሣው የኖረው በምን እንደሆነ ታውቃለህ። ሃያ ሦስት ቤት ነው ያለው። በእያንዳንዱ ደጅ ቆመህ በገዛ አፍህ ትናገራለህ፤ ትናንት ለሻለቃው እንዳልከው። እኔም ከጎንህ ቆሜ በሩን ያልከፈትኩለት እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ የፈለግህበት ሂድ።» ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «አንቺም ነይ። መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

ድንጋዩን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

የመጀመሪያው ቤት ያለችው አሮጊት ሰምታ አለቀሰች። ሁለተኛው ቤት «አሁን ቢነገር ምን ይጠቅማል?» ብለው በሩን ዘጉ። ሦስተኛው ላይ ያለው ሰውዬ አሥር አለቃውን ሊመታው ዱላ አነሣ፤ ባለደለሉ መሐል ገባ። ሦስቱም ከቤት ቤት ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ደጅ ላይ ቃሉ ያንኑ ያህል ይከብዳል፤ እየለመደውም አልሄደም።

ሰባተኛው ቤት የአንድ ሸማኔ ነው። ያኔ ሟቹን በአደባባይ «አፈር አጥፊ» ብሎ የሰደበው እሱ ነበር። ጓሮው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማሳ በየዓመቱ ከሥሯ በጎርፍ እየተገመሰች፣ ዘንድሮ ናዳው የቤቱ ግድግዳ ሥር ደርሷል። ከመሸመኛው ጉድጓድ ሳይወጣ፣ መወርወሪያውን በእጁ እንደያዘ፣ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«ሰድቤዋለሁ» አለ ሲጨርሱ።

«ሰድበውታል» አለች ሴትዮዋ።

ሸማኔው መወርወሪያውን አስቀመጠ። ከጉድጓዱ ወጥቶ አቧራውን አራገፈ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዶማ አነሣና በጓሮ በኩል ወደ ተገመሰችው ማሳ ወጣ። በሩን ለነሱ ክፍት ተወው። አሥር አለቃው ባለደለሉን አየው፤ ባለደለሉ ሴትዮዋን አየ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች፤ ቀድማ ገባች።